«እሰይ» የተባለበት በር

ዶክተር አምሳሉ ገብረጊዮርጊስ «እሰይ» የምትለውን ቃል ከአፉ ካወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን በሰላም ስትወልድ አዋላጇ ሮጣ መጥታ ብታበስረው «ተመስገን» ብሎ ዝም አለ። አዋላጇ ወንድ ፈልጎ ሴት ስለመጣችበት ነው ብላ አማችው። የሥራ ባልደረቦቹም ሰውዬው ደረቅ ነው፣ ደስታ አያውቅም ይላሉ። ሐሰት ነው። በወጣትነቱ ከልደታ ልጆች መካከል ደስ ለመሰኘት እንደ እሱ የሚቸኩል አልነበረም፤ ጣጣውን ያመጣበትም ይኸው ችኮላው ነው። ያችን ቃል ጥሎ የሄደው አንዲት ጎረቤቱ ደጃፍ ላይ ነው፤ ተመልሶ ሊያነሳት ደግሞ አልደፈረም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ አምሳሉ የአምስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ሳለ ነበር። አባቱ አቶ ገብረጊዮርጊስ አብነት መንገድ ዳር ልብስ ይሰፋሉ። እናቱ ወይዘሮ ሙሉመቤት ሰርግም ለቅሶም የማያመልጣቸው ሴት ናቸው። ልጃቸው ሕክምና ትምህርት ቤት በገባ በሳምንቱ ሰፈሩ «ዶክተር» ብሎ ሾመው። ገና የአጥንት ስም እየሸመደደ ሳለ ሴቶቹ ወገባቸውን ይዘው መንገድ ላይ ያስቆሙት ጀመር። ሹመቱን አልጠላውም። እንዲያውም አንድ ቀን አንዱ ጀለሱ «አምሳል» ብሎ ቢጠራው ለመዞር ትንሽ ዘገየ ይባላል።

ያን ዓመት ክረምት ሲቃረብ የማኅበረሰብ ጤና መምህሩ ዶክተር ነገሪ ተማሪዎቹን ጥናት እንዲሠሩ አዘዟቸው። አምሳሉ ሩቅ አልሄደም። የገዛ ቀበሌውን ሕፃናት መረጠ። ዝናብ ሲገባ ተቅማጥ አብሮ ይገባል፤ ልጅ ይደርቃል፣ ዓይኑ ይጎደጉዳል፣ ያልቃል። እናቶች ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በስኳርና በጨው በጥብጠው በጊዜ ቢያጠጡ ስንቱ ይተርፋል የሚለውን ሊያሳይ ተነሳ። ሐሳቡ የእሱ አልነበረም፤ ዓለም ሁሉ የሚያወራለት ነገር ነበር። እሱ ያመጣው መለኪያውን ነው። ማንኪያው ከቤት ቤት ስለሚለያይ በጠርሙስ ቆርኪ እንዲለኩ አስተማራቸው። ሴቶቹም «ባለቆርኪው» የሚል ሁለተኛ ማዕረግ ጨመሩለት።

ችግሩ ስኳር ነበር። ስኳር በዚያን ጊዜ የሚገኘው ከቀበሌ ሱቅ፣ ያውም በራሽን ነው። አምሳሉ የቀበሌውን ሊቀመንበር ጓድ ቱሉን ሄዶ ለመነ። ጓድ ቱሉ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ስማቸው በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ይወዳሉ። ለጥናቱ እናቶች ትንሽ ትንሽ ስኳር እንዲታደል ፈቀዱና በምላሹ አንድ ነገር ጠየቁ። ውጤቱ ሲያምር ቀበሌው ይጠቀስ አሉ። አምሳሉ ያማረ ውጤት እንደሚመጣ ከዚያ በፊትም አልተጠራጠረም ነበር።

ከእናቶቹ አንዷ ወርቅዬ ነበረች። ወርቅዬ በሁለት ዓመት ትበልጠዋለች። ልጅ ሆነው ልደታ ማርያም ግቢ ወዳለው ቄስ ትምህርት ቤት እጁን ይዛ የምትወስደው እሷ ነበረች። አሁን ባሏ ዘምቶ ሰሜን ነው፤ ከሕፃን ልጇ ጋር ብቻዋን ቀርታ ጉልት ሽንኩርት ትሸጣለች። ልጁ ገና መዳህ ከመጀመሩ ተቅማጥ ያዘው። አምሳሉ ቤቷ ገብቶ ቆርኪውን ሰጥቶ አሳያት፤ እሷም እንዳሳያት አደረገች። በዚህ ማንም አይወቅሳትም።

አምሳሉ ከዚያ በኋላ ወደ ተማሪዎች ማደሪያው ተመለሰ። ፈተና ነበረበት። ወደ ሰፈር ብቅ ያለው የሕፃናቱን መጨረሻ ለመጠየቅ ነው፤ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ለሐኪሞች ጉባኤ የሚቀርበውን አጭር ጽሑፍ ማስገባት አለበት። ከሰንጋ ተራ በኩል ዝናብ ጠቁሮ እየመጣ ነበር። ከቤት ቤት ሮጠ። የደረሰበት ሁሉ ደህና ነው ይሉታል፤ ደስታው እየጨመረ ሄደ። ወርቅዬ ደጅ ሲደርስ ካፊያው ጀምሯል። የቆርቆሮ በሯን አንኳኳ፤ ወጣች። እሱ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነው።

«ልጁስ ወርቅዬ? ተቅማጡ እንዴት ሆነ?»

«ተገላገለ» አለችው።

«እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ» አላትና «ዳነ» በሚለው ሥር ምልክት አደረገ።

ወርቅዬ አየችው። ግባና ቁጭ በል አለችው። ዝናቡ ሳይጥለኝ ልሂድ፣ ሌላ ቀን እገባለሁ ብሎ ወረቀቱን ከኮቱ ሥር ሸጎጠና ሮጠ። ቀና ብሎ ቢያይ ኖሮ የጠቆረ ሻሿን ያይ ነበር። አላየም። ምን ያድርግ፣ ሐኪም መሆን ገና ያልጀመረ ዶክተር ነበር።

የጉባኤው ዕለት አባቱ የሰፉለትን አመድማ ሙሉ ልብስ ለበሰ። አቶ ገብረጊዮርጊስ ሌሊቱን እጅጌውን ሲተረትሩና ሲጠግኑ አድረው ጠዋት ትከሻውን በመዳፋቸው እየጠረጉ ሸኙት። አዳራሹ የመንግሥት ነው፤ ግድግዳው ላይ መፈክር፣ መድረኩ ላይ የስላይድ ማሳያ። ሐኪሞቹ በእንግሊዝኛ ነው የሚነጋገሩት። አምሳሉ መጀመሪያ ምላሱ ደርቆ ነበር፤ የቆርኪው ስላይድ ሲመጣ ግን አዳራሹ ፈገግ አለ፣ እሱም ድምፁ ተከፈተ። መጨረሻ ላይ ውሃውን ካጠጡት እናቶች መካከል ልጅ የሞተባት አንዲትም የለችም አለ።

ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽበታም ሐኪም እጃቸውን አነሱ። እናቶቹን ራስህ ነህ የጠየቅኸው አሉት፤ ራሴ ነኝ አለ። የነገሩህን ሁሉ በትክክል ለመረዳትህስ እርግጠኛ ነህ አሉት። አምሳሉ የሚመጣበትን ጭብጨባ አስቀድሞ የሰማው ይመስል ደረቱን ነፋ አደረገ።

«ጌታዬ፣ ተወልጄ ያደግሁበት ሰፈር ነው፤ ቋንቋውም የእናቴ ቋንቋ ነው» አላቸው።

አዳራሹ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ሽበታሙም አብረው ሳቁ። ዶክተር ነገሪ ከመድረክ ሲወርድ እጁን ጨበጡትና ከጎረቤት አገሮች የሚመጡ ሐኪሞች በሚገኙበት በሚቀጥለው ጉባኤ ላይ እንደገና እንደሚያቀርብ ነገሩት። ወጣቱ ያን ቀን ከአዳራሹ እስከ ልደታ በእግሩ ሲሄድ መሬቱን የረገጠ አልመሰለውም።

እሑድ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። በዚያን ጊዜ ከቀበሌ ስብሰባ መቅረት ራሽን ያስቀራል፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ መጣ። ጓድ ቱሉ አምሳሉን አጠገባቸው አቁመው በድምፅ ማጉያው ጮኹ። በቀበሌያችን በዚህ ክረምት በተቅማጥ የሞተ አንድም ሕፃን የለም፤ ይህንንም ታላላቅ ሐኪሞች መስክረውልናል አሉ። ጭብጨባ ታዘዘ። አምሳሉ የሚያጨበጭበውን ሕዝብ ሲቃኝ ከኋላ ወርቅዬን አያት። ጥቁር ለብሳለች። ወይኔ፣ ከባሏ ወገን ሰው ሞቶባት ይሆናል ብሎ አሰበ። እሷም እንደ ሌላው ታጨበጭብ ነበር።

ቤት ሲገባ ወይዘሮ ሙሉመቤት አኩርፈው ጠበቁት።

«ምነው ልጄ፣ ወርቅዬ ቁጭ ብላ እየሰማች እንደዚያ ይባላል?» አሉት።

«ምን ተባለ እማዬ?»

«አንድም ልጅ አልሞተም ትላላችሁ? የእሷ ልጅ ተገላግሎ የለም እንዴ?»

«እኮ! ተገላገለ። እኔም እንደሱ ብዬ ነው የጻፍኩት።»

«አዎ፣ ተገላገለ» አሉ እናቱ ቀስ ብለው። «እኔው ራሴ ልደታ ማርያም ቀብሬው መጥቼ።»

ይህች ቃል ሰሚዋን ታያለች። ከጭቅጭቅ የወጣ ተገላገለ ይባላል። ከክፉ በሽታ የተነሳም ተገላገለ ይባላል። ስቃዩ በዝቶ ለሞተም ሰው «እሱስ ተገላገለ» ይባልለታል፤ ሞተ ማለት አፍ ላይ ስለሚከብድ። በተለይ እናት ለልጇ ሞተ አትልም። ይህን አማርኛ የሚናገር ሁሉ ያውቀዋል፤ አምሳሉም ያውቀው ነበር። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የእናቴ ቋንቋ ነው ብሎ የፎከረበት ቋንቋ ነው። ግን መልካም ወሬ ሊሰማ የቸኮለ ጆሮ መልካም ወሬ ነው የሚሰማው።

ወይዘሮ ሙሉመቤት ለጨቅላ ድንኳን ስለማይጣል ሴቶች ተሰብስበው አልቅሰው እንደተበተኑ፣ እሱን ግን በማግስቱ ወርቅዬ ደጅ ቆሞ ስላዩት ለቅሶ የደረሰ መስሏቸው እንደነበረ ነገሩት። ጎሽ ልጄ፣ ትምህርቱ ወግ አላስረሳውም ብለው በልባቸው መርቀውት ነበር። አምሳሉ ጆሮው ጋለ፤ ፊቱ ተቃጠለ። ቃል በቃል አስታወሰው። እሰይ። እንኳን ደስ ያለሽ። ልጇን በቀበረች ማግስት፣ ደጃፏ ላይ፣ እርሳስ ይዞ። ከዚያም ግባና ቁጭ በል ስትለው ሮጠ። ለቅሶ የመጣ ሰው ይቀመጣል እንጂ ደጅ ቆሞ አይመለስም፤ እሷ ወጉን ጠብቃለት ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። እራት አልበላም፤ እናቱም ብላ አላሉትም።

ከማግስቱ ጀምሮ ቤት ለቤት እንደገና ዞረ። አሁን ደጅ ላይ አልጠየቀም። ገባ፣ ተቀመጠ፣ ልጁን ካላየሁ አለ። ሕፃናቱን አንድ በአንድ አቀፋቸው፤ አንዱ አመድማው ሙሉ ልብስ ላይ ሸናበት፤ ደስ አለው። ሌላ የተገላገለ አልነበረም። የወርቅዬን ደጅ ግን ዘልሎ አለፈ። የእሷ መንገድ ላይ ሲደርስ እግሩ በራሱ ይታጠፍና በወፍጮ ቤቱ በኩል ይዞራል።

ዶክተር ነገሪ ዘንድ ሄዶ ነገሩን ሲነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። አንድ ሞት ውጤቱን አይገለብጠውም፤ ውሃው አሁንም ይሠራል፤ ቁጥሩን አስተካክለህ አንብብ፣ ስለ ቃሏ ማንም አይጠይቅህም አሉት። ትክክል ነበሩ። እሱ ግን ቁጥሩን ዝም ብሎ ማስተካከል ሌላ ማጭበርበር መሰለው። በአዳራሽ የተናገረውን በአዳራሽ ሊያነሳ ወሰነ። ይህን ሲወስን ድፍረት ነው ብሎ አምኖ ነበር። ዛሬ ሲያስበው ግን ከወርቅዬ በር የአዳራሹ መድረክ ስለሚቀለው ነው።

በሁለተኛው ጉባኤ ላይ ያንኑ አመድማ ልብስ ለብሶ ቆመ። ጥናቱን አነበበና ሲጨርስ ወረቀቱን አጠፈ። ባለፈው አንድም ልጅ አልሞተም ማለቴ ስሕተት ነው፣ አንዲት እናት የልጇን ሞት ነግራኝ እኔ መዳኑን ሰምቼ ነበር አለ። ቃሏን በእንግሊዝኛ ሊያስረዳ ሞከረ። አልሆን አለው፤ ዞረ፣ ተጠማዘዘ፣ ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ ሲገባቸው አዳራሹ አጨበጨበ። ካለፈውም የበለጠ አጨበጨበ። ሰብሳቢው ወጣቱ ሐኪም ላሳየው ሐቀኝነት ምስጋና አቀረቡ።

በሻይ ሰዓት ከበቡት። ድንቅ ምሳሌ ነው፣ ለተማሪዎቻችን እንነግረዋለን አሉት። አንድ የጎረቤት አገር ሐኪም እስክሪብቶውን አውጥቶ ቃሉን በየፊደሉ እንዲነግረው ጠየቀው። አምሳሉ ፊደል በፊደል አስጻፈው። ተ፣ ገ፣ ላ፣ ገ፣ ለ። ሰውየው ደጋግሞ በአፉ እያላመጠ ሞከረውና ሳቀ፤ ሳቁ ክፋት አልነበረበትም። አምሳሉ ግን የወርቅዬ ልጅ ሁለተኛ የሞተ መሰለው። በሐሰቱም ተጨበጨበለት፣ በእውነቱም ተጨበጨበለት፤ በሁለቱም ጊዜ ወርቅዬ አልነበረችም። የያዘውን ስኒ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

አውቶቡስ አልጠበቀም። ልደታ ሲደርስ በወፍጮ ቤቱ በኩል አልዞረም። በሩን አንኳኳ፤ ወርቅዬ ሽንኩርት ስትመርጥ ነበርና እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። ከእነ ሙሉ ልብሱ ስታየው ደንገጥ አለች፤ ከዚያ ጠፍተሃል አለችው።

«ልግባ?» አላት።

መንገድ ለቀቀችለት። ገብቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ቆርኪው መስኮቱ ላይ ነበር፤ ታጥቦ፣ ተደፍቶ። ከዚያ ወዲያ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ።

«ወርቅዬ፣ የዚያን ዕለት ያልሽኝ አልገባኝም ነበር» አላት። «ተገላገለ ስትይኝ የዳነ መስሎኝ ነው እሰይ ያልኩሽ።»

ትቆጣኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትቆጣው እንዴት በወደደ። እሷ ግን ፊት ለፊቱ ዱካው ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«አልገባህም ነበር?» አለችው።

«አልገባኝም ነበር።»

«እኔ እኮ ልቤን ያየኸው መስሎኝ ነበር» አለች። ድምፏ ከወትሮው ዝቅ ያለ ነው። «ሌሊት ሌሊት ሲያቃስት፣ ባሌ የለ፣ እናቴ የለች። ያጠጣሁትን ሁሉ ሲመልሰው እጄ ዛለ። የመጨረሻውን ሌሊት፣ አምላኬ ወይ አድነው ወይ ገላግለው አልኩ። ወይ ገላግለው ብዬ ጸለይኩ እናቱ ሆኜ። ሳይነጋ ሞተ። በማግስቱ አንተ፣ የተማርከው ሰው፣ ደጄ ቆመህ እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ስትለኝ፣ ይኸ ሰው አወቀብኝ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ቀና ብዬ አላውቅም። ቀበሌ ስታጨበጭቡም እኔን እየሰደባችሁኝ መስሎኝ አጨበጨብኩ።»

አምሳሉ ይህን ሁሉ ጊዜ የራሱን ሐፍረት ብቻ ተሸክሞ ሲዞር ነበር። በወፍጮ ቤቱ በኩል በዞረ ቁጥር፣ መድረክ ላይ ቆሞ ሲናዘዝም፣ እሷ እዚህ ቤት ውስጥ በእሱ ቃል ታስራ እንደተቀመጠች አልጠረጠረም። ቀድሞ ቢመጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይፈታት ነበር። አባቱ የሰፉለትን እጅጌ አፉ ላይ ጭኖ አለቀሰ።

ወርቅዬ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ሐዘንተኛው እሱ ይመስል ነበር።

«እንግዲያ የዳነ መስሎህ ነው» አለች መልሳ፣ ቃሉን ለራሷ እንደምትመዝን። «እሰይ ያልከው ለእሱ ነው።»

«ለእሱ ነው።»

«ባንተ ዘንድ ድኖ ከረመ በለኛ።»

ከዚያ እሷም አለቀሰች፤ ከቀብሩ ወዲህ አልቅሳ እንደማታውቅ በኋላ ለእናቱ ነግራቸዋለች። አምሳሉ ሲረጋጋ ከክረምት ጀምሮ ሊላት ይገባው የነበረውን ቃል ተናገረ። እግዜር ያጥናሽ አላት። አሜን አለችው። ሲመሽ ወይዘሮ ሙሉመቤት ልጃቸውን ፍለጋ ሲመጡ በሩ ገርበብ ብሎ ሁለቱም ውስጥ ተቀምጠው አገኟቸው፤ ምንም ሳይጠይቁ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገብተው አጠገባቸው ተቀመጡ።